አዲሱ መሪ ሲያረጅ ፓርቲው የት ነበር?

ዲሴምበር 30 ቀን 2002 ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ የወጣው ሕዝብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) አዲሱ ተመራጭ ፕሬዚዳንት ሙዋይ ኪባኪ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በደረሰባቸው የመኪና አደጋ ተጎድተው ስለነበር ቃለ መሐላ የፈጸሙት እግራቸው በጀሶ ታሽጎ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ለ24 ዓመታት የገዙት ዳንኤል አራፕ ሞይ ሥልጣን ሊያስረክቡ ሲመጡ ከሕዝቡ መካከል ጭቃ የወረወሩባቸው ነበሩ። ኬንያ ነጻ ከወጣችበት ከ1963 ጀምሮ ከመንበሩ ያልወረደው ካኑ የተባለው ፓርቲ ወረደ። በቀጣዮቹ ሳምንታት የትራፊክ ፖሊስ ጉቦ ሲቀበል ያዩ ተሳፋሪዎች ራሳቸው ከመኪና እየወረዱ ይይዙት ጀመር። በዚያው ሰሞን ጋሉፕ ኢንተርናሽናል በብዙ አገሮች ባካሄደው የአስተያየት ጥናት፣ ከዓለም ሕዝቦች ሁሉ ይበልጥ የነገን በተስፋ የሚጠብቁት ኬንያውያን ሆነው ተገኙ።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በኖቬምበር 2005፣ ያው ሕዝብ ኪባኪ ቅስቀሳ ያደረጉለትን ረቂቅ ሕገ መንግሥት በ58 በመቶ ድምፅ ጣለው። ከዚያም ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ኪባኪ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፉ የተባለበት ምርጫ አገሪቱን ወደ ግድያና ስደት ከተታት።

በእነዚያ ዓመታት መካከል ምን ተፈጠረ? እንዲህ ላለው ጥያቄ በየአገሩ ሁለት የተለመዱ መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው መሪውን ይከሳል፤ «ሥልጣን ለወጠው» ወይም «ድሮም ያው ነበር፣ እኛ ነን ያላወቅነው» ይላል። ሁለተኛው ሕዝቡን ይከሳል፤ የአርባና የሃምሳ ዓመት ችግር በአንድ ዓመት ካልተፈታ ብሎ የሚያኮርፍ ትዕግሥት የለሽ ያደርገዋል። ሁለቱም ጥቂት እውነት አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም የሚያዩት አንድ መሪና አንድ ሕዝብ ፊት ለፊት ቆመው ነው፤ በመካከል መቆም የነበረበትን ፓርቲ አያዩትም። ሕዝብ በአዲስ መሪ ተስፋ የሚቆርጥበት ፍጥነት ከመሪው ጠባይ ይልቅ፣ መሪውን ያመጣው ፓርቲ ከድሉ ማግስት ምን ሆነ በሚለው ይወሰናል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መጥራት አለበት። ተስፋ መቁረጥ የኑሮ ውድነት ሌላ ስሙ ነው የሚሉ አሉ፤ ገበያው ቢረጋጋ ቅሬታውም ይበርዳል ባዮች ናቸው። የኬንያ ታሪክ ይህን አይደግፍላቸውም። በ2002 ከ1 በመቶ በታች የነበረው የአገሪቱ ዓመታዊ ዕድገት በ2007 ወደ 7 በመቶ ደርሶ ነበር። መንግሥቱ ሥልጣን በያዘ በቀናት ውስጥ፣ በጃንዋሪ 2003፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በነጻ አድርጎ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ። በቀጣዩ ዓመት ኪማኒ ማሩጌ የተባሉ የ84 ዓመት አዛውንት የተማሪ ልብስ ለብሰው አንደኛ ክፍል ሲቀመጡ ዓለም በሙሉ አይቷቸዋል። እነዚህ በቃል ብቻ የቀሩ ስጦታዎች አልነበሩም። ሕዝቡ የተቀየመው ኢኮኖሚው እያደገ፣ ልጁም እየተማረ ሳለ ነው።

የመጣል ድምፅ

ኪባኪን ያመጣው ናርክ፣ የብሔራዊ ቀስተ ደመና ጥምረት፣ በምርጫ ወረቀት ላይ አንድ ፓርቲ ቢመስልም በውስጡ ከደርዘን በላይ ፓርቲዎች ነበሩበት። በአንድ ወገን የኪባኪ ወዳጆች፣ በሌላው ወገን ምርጫው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ከካኑ ወጥተው የመጡት የፖለቲከኛው የራይላ ኦዲንጋ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ወገኖች የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመዋል፤ የሚኒስትርነት ቦታዎች እኩል እንዲካፈሉ፣ ለራይላ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ቦታ እንዲፈጠር። ለሕዝቡ ደግሞ በ100 ቀናት ውስጥ አዲስ ሕገ መንግሥት፣ በየዓመቱም 500,000 የሥራ ዕድል ቃል ተገባለት። የመግባቢያ ሰነዱን የፓርቲ ጉባኤ አልተከራከረበትም፤ አባላት ድምፅ አልሰጡበትም። በጥቂት ሰዎች መካከል የቀረ ወረቀት ነበር። ስለዚህ ከድሉ በኋላ አንደኛው ወገን ወረቀቱን ሲረሳው «ቃላችሁ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ የፓርቲ አካል አልተገኘም። ጠቡ በቀጥታ ከመሪዎቹ ወደ ደጋፊዎቻቸው፣ ከደጋፊዎቻቸውም ወደ ብሔረሰብ ወረደ።

የነገሩን መራራነት ለማየት አንድ ቀን ማስታወስ ይበቃል። በ2002 በወረቀት ቃል የተገባው የጠቅላይ ሚኒስትርነት ቦታ በስተመጨረሻ ለራይላ የተሰጠው ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2008 በኮፊ አናን ሸምጋይነት በተፈረመ ስምምነት ነው። በመካከሉ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተው፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቅለው ነበር። በፓርቲ ስብሰባ ሊያልቅ ይችል የነበረ ክርክር በሰው ነፍስ ተከፈለ። ይህን በጻፍኩ ቁጥር ቁጭት ያንቀኛል።

ናርክን አንድ ላይ የያዘው ገመድ «ሞይ ይውረዱ» የሚል ነበር። አንድን አሮጌ ገዥ ለመጣል የሚሰጥ ድምፅ ጠንካራ ነው፤ ሃይማኖት፣ ቋንቋና ሀብት የማይለያየው ሰልፍ ያቆማል። ጉድለቱ የሚታየው በማግስቱ ነው። ገበሬው አዲሱን መሪ የመረጠው የምርቱ ዋጋ እንዲያድግ፣ የከተማው ሸማች ደግሞ እንዲቀንስ ነው። ሁለቱም አሸንፈናል ብለው አብረው ይጨፍራሉ። መሪው የመጀመሪያውን ውሳኔ ሲወስን ከሁለት አንዳቸው እንደተከዱ ይሰማቸዋል፤ ቃል የገባላቸው ባይኖርም እንኳ። የራሳቸውን ምኞት በመሪው ፊት ላይ ጽፈውት ስለነበር የራሱ ቃል መስሏቸው ነው።

አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ጆን ሙለር በ1970 ባሳተሙት ጥናት ይህን ሂደት «የአናሳዎች ጥምረት» ብለው ጠርተውታል። ሐሳባቸው ሲቀል እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ውሳኔ ቀድሞ ደጋፊ ከነበሩት መካከል አንድ ቡድን ያስከፋል። የተደሰተው ቶሎ ይረሳል፤ የተከፋው አይረሳም። ቅያሜዎቹ ቀስ በቀስ እየተደመሩ ይሄዱና አንድ ቀን ብዙኃኑ የሚባለው ሕዝብ በልዩ ልዩ ምክንያት የተቀየሙ ትንንሽ ቡድኖች ስብስብ ሆኖ ይገኛል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በ1945 ሲጀምሩ በጋሉፕ መለኪያ 87 በመቶ ድጋፍ ነበራቸው፤ በ1952 መጀመሪያ 22 በመቶ ቀርቷቸዋል። እንግዲህ ይህ መቶ ዓመት የተሻገሩ ፓርቲዎች ባሉበት አገር የሆነ ነው። ጥምረቱ አሮጌውን በመጥላት ብቻ በተሰፋበት አገር ስፌቱ የሚተረተርበት ጊዜ ምን ያህል እንደሚያጥር መገመት አያስቸግርም።

ይህ የደሃ አገር ችግር ብቻ ነው የሚል ካለ የ2024ቱን የብሪታንያ ምርጫ ይመልከት። ሌበር ፓርቲ «ለውጥ» በሚል አንድ ቃል ቀስቅሶ ከ650 የፓርላማ መቀመጫዎች 411 ወሰደ። ያገኘው ድምፅ ግን ወደ 34 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ለመምረጥ የወጣውም ከአሥሩ ስድስት የሚሆነው ነው። በመቀመጫ ሲታይ ታላቅ ድል፣ በሰው ልብ ሲመዘን ግን ስስ ነበር። ብዙዎቹ ድምፅ የሰጡት ለ14 ዓመታት የገዙትን ወግ አጥባቂዎች ለማሰናበት ነውና የሌበሩ መሪ፣ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር የመጀመሪያውን ስሕተት ሲሠሩ ከጎናቸው የሚቆም ብዙ ሰው አላገኙም።

ከድል በኋላ ባዶ የሚቀር ቤት

ፓርቲ ሲባል አብዛኞቻችን ወደ ዓይናችን የሚመጣው ዓርማ፣ ካናቴራና የምርጫ ሰልፍ ነው። የፓርቲ ዋናው ሥራ ግን ምርጫ በሌለበት በአራቱና በአምስቱ ዓመት ውስጥ ያለው ነው። ቅርንጫፍ ያለው፣ አባላቱ በየወሩ የሚሰበሰቡበት ፓርቲ ሁለት ነገር ያመላልሳል። ከታች ወደ ላይ ቅሬታ ይወስዳል፤ የግብር አዋጁ ከመጽደቁ በፊት «ይህ እኛ ጋ አያስኬድም» የሚል ሰው አለው። ከላይ ወደ ታች ደግሞ ምክንያት ያወርዳል፤ መንግሥት ቃሉን ማዘግየት ሲኖርበት ለምን እንዳዘገየ ለጎረቤቱ የሚያስረዳ፣ ጎረቤቱም የሚያምነው ሰው አለው። ይህ መስመር ሲቋረጥ መሪው ሕዝቡን የሚያገኘው በቴሌቪዥን መስኮት ነው፤ ሕዝቡም መሪውን የሚያገኘው በጎዳና ላይ ነው።

ድል ይህን መስመር የሚበጥሰው በክፋት ብቻ አይደለም። ያሸነፈ ፓርቲ በመጀመሪያው ወር የተሻሉ ሰዎቹን ሁሉ ወደ ሚኒስቴር፣ ወደ ኤምባሲ፣ ወደ ልማት ድርጅት ቦርድ ይልካል። ዋና ጸሐፊው ሚኒስትር ይሆናል፤ የወጣቶች ክንፍ መሪው አማካሪ ይባላል። ቢሮው ይቀራል፤ በሩ ላይ የሚሰለፉት ግን ሐሳብ የያዙ አባላት ሳይሆኑ የሥራ ማመልከቻ የያዙ ሰዎች ናቸው። ትናንት «ፓርቲያችን ምን ይበል?» የሚለው ክርክር ዛሬ «ማን ይሾም?» ወደሚል ይለወጣል። ያልተሾመው ያኮርፋል፤ የተሾመው ዝም ይላል፤ ዝም ያላለው ደግሞ ከሐዲ ይባላል። ጀርመን ተወላጁ ሮበርት ሚሼልስ በ1911 የአውሮፓን ሶሻሊስት ፓርቲዎች አጥንተው ማንኛውም ድርጅት፣ ለዴሞክራሲ የቆመውም ጭምር፣ በጥቂቶች እጅ መውደቁ አይቀርም የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰው ነበር። አይቀርም በሚለው አልስማማም፤ አባላት ነቅተው ሲጠብቁት የሚዘገይ ነገር ነውና። ሥልጣን ከተያዘ በኋላ እንደሚፋጠን ግን ጥርጥር የለኝም።

ቤቱ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው በአባላት ቁጥር ጭምር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ፣ ሌበርም አንድ ሚሊዮን ያህል አባላት ነበሯቸው። ዛሬ የሁለቱ ድምር አንድ ሚሊዮን አይሞላም፤ የሕዝቡ ቁጥር ግን ከዚያ ወዲህ በብዙ ሚሊዮኖች ጨምሯል። አየርላንዳዊው ምሁር ፒተር ሜየር ፓርቲዎች ከኅብረተሰቡ ተነቅለው ወደ መንግሥት ቤት ገብተዋል ይሉ ነበር፤ ከአባል መዋጮ ይልቅ በመንግሥት ድጎማ የሚኖሩ፣ ከሕዝቡ ይልቅ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ሆነዋል ማለታቸው ነው። በአፍሪካ የሕዝብ አስተያየት የሚለካው አፍሮባሮሜትር በሚያካሂዳቸው ጥናቶችም ሕዝቡ እምነት ከሚጥልባቸው ተቋማት ዝርዝር ውስጥ ፓርቲዎች ዘወትር ከታች ይገኛሉ። በሃይማኖት አባትና በጦር ሠራዊት የሚያምን ሰው በፓርቲ አያምንም።

ለምን አያምንም? ኬንያውያን «የመብላት ተራው የእኛ ነው» የሚል አባባል አላቸው፤ ሥልጣን ወደ አንድ ወገን ሲዞር የዚያ ወገን ሰዎች የሚሉት ነው። እኛም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። ይህ አባባል በሰው ጠባይ ላይ የተነገረ ቢመስልም ስለ ፓርቲም ብዙ ይናገራል። አባሉ ከፓርቲው ሊያገኝ የሚችለው ሹመት ብቻ ሲሆን፣ ሌላ ምንም ሚና ሲያጣ፣ መብላት የተሳትፎ መልክ ይሆናል። የኪባኪ መንግሥት ሙስናን እንዲዋጉ የሾማቸው ጆን ጊቶንጎ የደረሱበትም ይኸው ነበር። በአሮጌው መንግሥት ዘመን የተጀመረው፣ አንግሎ ሊዚንግ ተብሎ የታወቀው የውል ማጭበርበር በአዲሱ መንግሥት ባለሥልጣናት እጅ ቀጥሎ አገኙት። ሞይ ወርደዋል፤ ውሉ ግን ገዥ ለውጦ ሥራውን ይሠራል። ጊቶንጎ በ2005 መጀመሪያ ከአገር ወጥተው ሥራቸውን ለቀቁ። የሕዝቡን ልብ የሰበረው ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ይህ መቀጠል ይመስለኛል። በአውቶቡስ መንገድ ላይ ፖሊስ ሲይዝ የነበረው ተሳፋሪ ብቻውን እንደቀረ የተረዳው ያኔ ነው።

ማላዊም ከዚህ የራቀች አይደለችም። በፌብሩዋሪ 2020 ፍርድ ቤቱ የ2019ኙን ምርጫ፣ የውጤት ቅጾች በማጥፊያ ቀለም መሰረዛቸውን ጨምሮ በብዙ ጥሰቶች ምክንያት ሻረው። በጁን ተደግሞ በተካሄደው ምርጫ የቀድሞው ፓስተር ላዛረስ ቻክዌራ በዘጠኝ ፓርቲዎች ጥምረት 59 በመቶ ያህል አግኝተው አሸነፉ። በአፍሪካ በፍርድ ቤት ተሽሮ በተደገመ ምርጫ ተቃዋሚ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር፤ ዓለም አጨበጨበ። በቀጣዩ ወር ይፋ የሆነው የሚኒስትሮች ዝርዝር ግን ወንድምና እህት፣ ባልና ሚስት ይዞ መጣ። ዘጠኝ ፓርቲ የሚያካፍለው ሹመት ያንሰዋል እንጂ አይተርፈውም፤ ያም ሆኖ ከዚያው ጥቂት ላይ ለዘመድ የሚሆን ቦታ ተገኘ።

መጀመሪያ ማን ይክፈል?

አዲስ መሪ ባዶ ካዝናና የዕዳ መዝገብ መረከቡ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሕዝብም ይህን ይረዳል፤ ሰበብ ብቻ ነው ብሎ አይደመድምም። የሚከታተለው ሌላ ነገር ነው፤ ቀበቶ ጥበቁ ከማን ወገብ እንደሚጀመር። የብሪታንያው መንግሥት ሥራ በጀመረ ወር አሥር ሚሊዮን ገደማ ጡረተኞች ይቀበሉት የነበረውን የክረምት የማሞቂያ ድጎማ ማቋረጡን አስታወቀ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ልብስና መነጽር ከአንድ ባለሀብት በስጦታ መቀበላቸው ተሰማ። ሁለቱ ዜናዎች በሕግ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። በሰው ልብ ውስጥ ግን አንድ ዜና ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ የተነገረው ማብራሪያ ሁሉ የሚሰማው ጆሮ አጣ። በጁን 2025 መንግሥቱ አብዛኛውን ጡረተኛ ወደ ድጎማው መለሰ፤ በቀጣዩም ወር የአካል ጉዳተኞችን ድጋፍ ለመቀነስ ያቀረበውን ሕግ ከመቶ በላይ የራሱ ፓርቲ የምክር ቤት አባላት ስለተቃወሙት ዋና ክፍሉን ለማንሣት ተገደደ። ፓርቲው መናገር ጀመረ ማለት ነው፤ አንድ ዓመት ዘግይቶ።

ወደ ኬንያ ልመለስና፣ በ2022 በ50.49 በመቶ ድምፅ ያሸነፉት ዊሊያም ሩቶ ራሳቸውን ከታች የመጣ ታታሪ ሰው አድርገው ነበር ያቀረቡት፤ የፓርቲያቸው ምልክት የእጅ ጋሪ ነው። ሥልጣን ከያዙ በኋላ የነዳጅ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ8 ወደ 16 በመቶ ከፍ አለ፤ ከደመወዝ ላይ የሚቆረጥ የቤት ልማት መዋጮ መጣ። ሕዝቡ «ዛካዮ» የሚል ስም አወጣላቸው። ዘኬዎስ ማለት ነው፤ በወንጌል የተነገረለት፣ ዛፍ ላይ የወጣው ቀራጭ። በ2024 ዳቦ ላይ ሳይቀር ታክስ የሚጥል ረቂቅ ሲቀርብ ወጣቶች «ዛካዮ፣ ውረድ» እያሉ ወጡ። ክርስቶስ ዘኬዎስን «ፈጥነህ ውረድ» ያለው በቤቱ ሊያድር መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ፣ በዚህ መፈክር ውስጥ ቁጣ ብቻ ሳይሆን ጥሪም ይሰማዋል። ጁን 25 ቀን ሰልፈኞች ፓርላማ ገቡ፤ በተቃውሞዎቹ የብዙ ወጣቶች ሕይወት አለፈ። በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን አልፈርምም አሉ።

ተስፋ የቆረጠ ሕዝብ ወዴት ይሄዳል?

አንዳንዱ ቤቱ ይቀራል። የዚህ ንጹሕ ምሳሌ ጃፓን ናት። በኦገስት 2009 የጃፓን ዴሞክራቲክ ፓርቲ ከ480 መቀመጫዎች 308 አሸንፎ፣ ከ1955 ጀምሮ ከአንድ ዓመት ባነሰ ዕረፍት ብቻ የገዛውን ሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ አወረደ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዩኪዮ ሃቶያማ በኦኪናዋ ስላለው የአሜሪካ የጦር ሰፈር የገቡትን ቃል መጠበቅ አቅቷቸው ዘጠኝ ወር ሳይሞላቸው ለቀቁ። ፓርቲው በሦስት ዓመት ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ቀያይሮ በዲሴምበር 2012 ወደ 57 መቀመጫ ወረደ። ተመልሶ የመጣው አሮጌው ፓርቲ ግን ከሦስት ዓመት በፊት ሲሸነፍ ካገኘው ያነሰ ድምፅ ነበር ያገኘው። የመራጩ ተሳትፎ ከ69 ወደ 59 በመቶ ወርዷል። አሮጌው የሰው ልብ ስለመለሰ አልነበረም ያሸነፈው፤ ያዘነው መራጭ ቤቱ ስለቀረ ነው።

ሌላው ወደ ትናንት ይመለሳል። ማላዊ የገንዘቧን የምንዛሪ ዋጋ በ2022 በ25 በመቶ፣ በ2023 ደግሞ በ44 በመቶ ካወረደች፣ ነዳጅ ፍለጋ ሰልፉ ከበዛ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2025 የመረጠችው ማንን ነበር? በ2020 በፍርድ ቤት፣ በጎዳናና በድጋሚ ምርጫ ያወረደቻቸውን የቀድሞ ፕሬዚዳንት፣ የ85 ዓመቱን ፒተር ሙታሪካን ነው፤ በ57 በመቶ ገደማ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው አባባል እንዲህ ባለ ጊዜ ይደገማል። አባባሉን አከብረዋለሁ፤ ተስፋ መቁረጥን ጥበብ ለማስመሰል ሲጠራ ግን አልወደውም። የማላዊ መራጭ በአምስት ዓመት ሁለት መንግሥት በድምፁ አውርዷል። ይህ ትልቅ ኃይል ነው። ያጣው የሚያወርደውን ሳይሆን የሚያቆመውን መምረጥ የሚችልበትን ፓርቲ ነው።

ሦስተኛው ጎዳና ይወጣል። የ2024ቱ የኬንያ ወጣቶች «ጎሣ የለንም፣ መሪ የለንም፣ ፓርቲ የለንም» ይሉ ነበር። ከፓርቲዎች ታሪክ አንጻር የዚህ ኩራት ምክንያት ይገባኛል። መሪ የሌለው ሰልፍ መሪው በገንዘብ አይገዛም፤ ፓርቲ የሌለው ተቃውሞ በጓዳ አይሸጥም። እንዳሰቡትም ሆነ። በጁላይ ፕሬዚዳንቱ ሚኒስትሮቻቸውን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ካሰናበቱ በኋላ አዲስ ካቢኔ ሲያቋቁሙ፣ ከዋናው ተቃዋሚ ከራይላ ኦዲንጋ ፓርቲ አራት ሰዎች አስገቡ፤ በማርች 2025 ሁለቱ መሪዎች የትብብር ስምምነት ፈረሙ። በድጋሚ ሰነድ፣ በድጋሚ በላይኞቹ መካከል። ያ ተቃዋሚ ፓርቲ ስሙን ያገኘው ከ2005ቱ ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ «አይሆንም» የሚለውን ወገን ይወክል ከነበረው የብርቱካን ምልክት። ብርቱካኑ ራሱ ወደ ካቢኔ ገባ፤ «አይሆንም» የሚለው ወጣት ግን በውጭ ቀረ።

ሆኖም ከኪባኪ ዘመን የተስፋ ስብራት የተረፈ አንድ ነገር አለ። ኬንያውያን በኪባኪ ተስፋ ሲቆርጡ ሁሉም ቤቱ አልገባም፤ ከደሙ በኋላም ሕገ መንግሥት የሚለውን ጥያቄ አልለቀቁም። በ100 ቀን ቃል የተገባው ሕገ መንግሥት ከሰባት ዓመት በላይ ወስዶ በኦገስት 2010 በ67 በመቶ ድምፅ ጸደቀ። ፊርማቸውን ያኖሩበትም ያው ኪባኪ ናቸው። በ2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንት ምርጫን የሻረው በዚህ ሰነድ ሥልጣን ነው። በ2024 ወጣቶቹ ስልካቸው ላይ የከፈቱት አንቀጽ 37፣ የመሰብሰብና ሰልፍ የመውጣት መብት፣ ከዚያ የተወሰደ ነው። የፋይናንስ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ አንብበው፣ ወደየአካባቢው ቋንቋ ተርጉመው፣ በቪዲዮ ለእናቶቻቸው አስረድተዋል። ልብ ብለን ካየነው ይህ የፓርቲ ሥራ ነው። ረቂቅ ማንበብ፣ መተርጎም፣ ለጎረቤት ማስረዳት፣ ቅሬታውን መልሶ ወደ ላይ መውሰድ፤ የተመዘገቡት ፓርቲዎች ያልሠሩትን እነርሱ በአንድ ወር ሠርተውታል።

ስለዚህ «ፓርቲ የለንም» የሚለው ኩራት እስከ የት ያስኬዳል የሚለው ጥያቄ እነርሱን ይጠብቃቸዋል። ሰልፍ አንድን ሕግ ያስቆማል፤ በምትኩ የሚመጣውን በጀት የሚጽፈው ግን ምክር ቤት የተቀመጠ ሰው ነው። የኬንያ ሕግ አዲስ ፓርቲ በሙሉ ደረጃ ለማስመዝገብ ከ47ቱ ካውንቲዎች ከግማሽ በሚበልጡት፣ በእያንዳንዳቸው ቢያንስ 1,000 አባላት ይጠይቃል። በጠቅላላው 24,000 ሰው ማለት ነው። በዚያ ጁን ጎዳና ላይ ከወጣው ሕዝብ አንጻር ይህ ቁጥር በጣም ትንሽ ነው። አስቸጋሪው 24,000 ስም ማግኘቱ አይደለም፤ ካሸነፉ በኋላ ሹመት ሳያገኙ፣ በየሳምንቱ በአንድ ጠባብ አዳራሽ ተሰብስበው የራሳቸውን ሚኒስትር «ቃልህ የት አለ?» ብለው የሚጠይቁ 24,000 ሰዎች ማግኘቱ ነው።